ዘ መንኪስን ማን ሠራቸው? እነሱስ ማንን ሠሩ?

ጥያቄ፦ «በ1960ዎቹ የነበረው ዘ መንኪስ የተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ባንድ የውሸት ባንድ ነበር ይባላል። ከአባላቱ አንዱ፣ ባለ ሱፍ ኮፍያው፣ እናቱ የቢሮ ፍሉድ የፈለሰፉ ሚሊየነር በመሆናቸው በገንዘብ ገባ የሚልም አንብቤያለሁ። በሌላ በኩል በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር የበለጠ ሸክላ ሸጠዋል፣ ዝነኛው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስም የእነሱን መድረክ ያሟሙቅ ነበር ይባላል። የቱ ነው እውነቱ? ከአራቱ ልጆች ጀርባስ የነበሩት እነማን ናቸው?»

ምላሽ፦

አጭሩን ላስቀድም። የሄንድሪክሱ ነገር እውነት ነው። የሽያጩ ነገር ውሸት ነው። የእናትየዋ ነገር እውነትነት አለው፤ ጊዜው ግን ተገልብጧል። «የውሸት ባንድ» የሚለው በአዎና በአይደለም ስለማይዘጋ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ የአራቱ ልጆች አልነበረም፤ ይህን ማንም አይክድም። ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉ ወጣት ፕሮዲውሰሮች ሬይበርት የሚባል ኩባንያ መሥርተው፣ ዝና ፍለጋ ስለሚባዝን አንድ የሙዚቃ ባንድ የሚያወራ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ አሰቡ። ሽናይደር ከባዶ ሜዳ የተነሣ ሰው አይደለም። አባቱ አብርሃም ሽናይደር የኮሎምቢያ ፒክቸርስ የበላይ ኃላፊ ነበሩ፤ ድራማውን ያሠራው ስክሪን ጄምስ ደግሞ የዚያው የኮሎምቢያ የቴሌቪዥን ክንፍ ነው። ስለዚህ በዘመድ የገባ ሰው እየፈለጉ ከሆነ ከካሜራው ፊት ሳይሆን ከካሜራው ኋላ ይፈልጉ።

በመስከረም 1965 በሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 21 የሆነ «አራት እብድ ልጆች» ይፈለጋሉ ይላል። ከአራት መቶ በላይ ወጣቶች ተሰለፉ። የሚገርመው ግን ኋላ ከተመረጡት አራቱ መካከል ማስታወቂያውን አንብቦ የመጣው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም እርስዎ በእናቱ ገንዘብ ገባ ሲባል የሰሙት ማይክል ኔስሚዝ ነው።

ሌሎቹ ሦስቱ በሰው በኩል የመጡ ናቸው። ዴቪ ጆንስ አስቀድሞ ከኮሎምቢያ ጋር ውል ስለነበረው ወንበሩ ከመጀመሪያው ተይዞለት ነበር። ልጁ ከማንቸስተር ነው፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ፈረስ ጋላቢ ሊሆን ባሲል ፎስተር በሚባል አሠልጣኝ በረት ገባ። ቲያትር ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጁ ልጅ ተዋናይ ሲፈልግ «እኔ ዘንድ አንድ አለ» ብሎ ዴቪን የላከው ይኸው አሠልጣኝ ነው። ከፈረስ በረት የወጣው ልጅ ለንደን ላይ፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ «ኦሊቨር!» በተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር ተውኖ በ1963 ቶኒ ለሚባለው የቲያትር ሽልማት ታጨ። በየካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሜሪካ ሕዝብ በታዩበት ምሽት፣ በዚያው መድረክ ከኦሊቨር ተዋንያን ጋር ዘፍኗል። የልጃገረዶቹን ጩኸት ከመድረኩ ዳር ሆኖ ሰምቶ፣ ይህ ነገር ለእኔም ይሁን ብሎ መመኘቱን ሁልጊዜ ያወራ ነበር።

ሚኪ ዶሌንዝ የተዋናይ ልጅ ነው። አባቱ ጆርጅ ዶሌንዝ ከትሪየስቴ መጥተው በሆሊውድ የሠሩ ተዋናይ ናቸው፤ እናቱም ተዋናይት ነበረች። ሚኪ ራሱ በአሥር፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ «ሰርከስ ቦይ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ መሪ ተዋናይ ሆኖ በመሥራቱ ለዚህኛው የመጣው በወኪሉ በኩል ነው። ፒተር ቶርክ ደግሞ ኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ፎክ የተባለውን ሙዚቃ ሲጫወት ከቆየ በኋላ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሳህን እያጠበ ነበር። አባቱ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የልጃቸው ሥራ ግን ሳህን ማጠብ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እሱን ያስመጣው ስቲቨን ስቲልስ ነው፤ ኋላ ቡፋሎ ስፕሪንግፊልድና ክሮስቢ፣ ስቲልስ ኤንድ ናሽ በተባሉ ባንዶች የገነነው ስቲልስ። ስቲልስ ራሱ ተፈትኖ አልተወሰደም። በጥርሱና በፀጉሩ ምክንያት ተጣለ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ እሱ ግን የዘፈኖቹን የኅትመት መብት ለስክሪን ጄምስ ማስረከብን ነው በምክንያትነት የሚያነሣው። እኔም ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። የሆነው ሆኖ፣ እንዳንተ ያለ መልክ ያለው፣ ፀጉሩና ጥርሱ የተሻለ ሰው ታውቃለህ ወይ ሲሉት የጠቆመው የግሪንዊች ቪሌጅ ጓደኛውን ቶርክን ነው።

ኔስሚዝ ለፈተናው የመጣው የልብስ እጥበቱን በከረጢት አንጠልጥሎ ነው። የሱፍ ኮፍያው ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ፀጉሩ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርገው እንጂ ለትዕይንት የታሰበ አልነበረም። በሎስ አንጀለሱ ትሩባዶር ክበብ ጀማሪዎች የሚዘፍኑበትን ምሽት ያስተዋውቅ ነበር፤ ሚስትና ሕፃን ልጅ ነበረው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበር።

አሁን ወደ እናቱ ወደ ወይዘሮ ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም እንምጣ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ አብልጬ የምወደው የእሳቸውን ነው።

ወይዘሮ ቤቲ ከማይክል አባት የተለያዩት ልጁ ገና ሕፃን ሳለ፣ ጦርነቱ ባበቃ ማግስት ነው። ብቻቸውን ሊያሳድጉት ዳላስ ውስጥ ቴክሳስ ባንክ ኤንድ ትረስት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1950ዎቹ የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና ቢሮው ገባ። መኪናው ፈጣን ነው፤ የአዲሱ ሪባን ቀለም ግን በላጲስ ሲነካ ወረቀቱን ያበላሸዋል። አንድ ፊደል ስተው ገጹን በሙሉ እንደገና መተየብ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የባንኩን መስኮቶች ለበዓል የሚያስጌጡ ሠዓሊዎችን ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሠዓሊ ሲሳሳት አይፍቅም፣ ይደርብበታል። በማግስቱ በትንሽ ጠርሙስ ነጭ የውሃ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዘው ቢሮ ገቡ። አለቆቹ ለረጅም ጊዜ ምንም አላዩም። አጠገባቸው የሚተይቡት ጸሐፊዎች ግን አይተዋልና ለእኔም ለእኔም ማለት ጀመሩ።

በ1956 ቀለሙን «ሚስቴክ አውት» ብለው መሸጥ ጀመሩ፤ ቆይቶ «ሊኩዊድ ፔፐር» ተባለ። እኛ ቢሮ ውስጥ ፍሉድ የምንለው፣ ሰነድ ላይ ከተገኘ ስርዝ ድልዝ ነው ተብሎ የሚያስመልሰን ነጭ ቀለም የዚህ የልጅ ልጅ ነው። ፋብሪካው ማድ ቤታቸው ነበር። መበጥበጫው ተራ የማድ ቤት መምቻ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀለሙን በየጠርሙሱ የሚሞሉት ደግሞ ማይክልና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነበሩ። ወይዘሮ ቤቲ ቀን ባንክ ማታ ቀለም ሲሉ ቆይተው በ1958 ከሥራ ተባረሩ። ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ሳይሆን በባንኩ ደብዳቤ ላይ ሳያስቡት የራሳቸውን ድርጅት ስም መተየባቸው ነው። የዓለምን የትየባ ስህተት የሸፈነው ቀለም ያንን አንዱን ስህተት አልሸፈነላቸውም።

እንግዲህ ዘመኑን ያስተያዩት። ልጁ በ1965 ለፈተና ሲሰለፍ የእናቱ ንግድ ሥር እየሰደደ ያለ፣ ገና ትልቅ ፋብሪካ ያልነበረው ሥራ ነው። ድርጅቱ በዓመት አንድ ሚሊዮን ጠርሙስ መሸጥ የደረሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ወይዘሮ ቤቲ ድርጅታቸውን ለጂሌት ኩባንያ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር የሸጡት በ1979 ሲሆን፣ በግንቦት 1980 በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ማይክል ከውርሱ ግማሽ ገደማውን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከባንዱ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። በ1970 ከውሉ ነጻ ሲወጣ እንኳ እሱ ከፈለ እንጂ አልተከፈለውም። ስለዚህ በእናቱ ገንዘብ ገባ የሚለው አይቆምም። ከእናቱ የወረሰው ነገር ግን አለ። አለቆቹ የሠሩትን ሥራ ቁጭ ብሎ መቀበል አይችልም ነበር፤ ይህም የባንዱን ታሪክ ለሁለት የከፈለው ጠባይ ነው።

ያን ለመረዳት መጀመሪያ የዘፈኑን ቤት ማየት ያስፈልጋል። ለድራማው ሙዚቃ የሚያቀርበው ዶን ከርሽነር ነበር። ከርሽነር ሙዚቀኛ አይደለም፤ የሚሸጥ ዜማ በጆሮው የሚለይ ነጋዴ ነው፤ በሥሩም ኒው ዮርክ ውስጥ በየክፍሉ ፒያኖ ታቅፈው የሚውሉ ወጣት ደራስያን ነበሩት። ካሮል ኪንግና ባሏ ጄሪ ጎፊን ከእነዚህ ናቸው፤ ኒል ዳይመንድም በዚሁ መንገድ መጣ። ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት ነበሩ። የድራማውን መክፈቻ ዜማ የደረሱት እነሱ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ተወዳጅ ነጠላ ዜማ «ላስት ትሬን ቱ ክላርክስቪል»ንም እነሱ ደርሰው፣ የራሳቸውን አጃቢ ባንድ ይዘው ስቱዲዮ ገብተው ቀረጹት። ሃርት ሐሳቡ የመጣለት የቢትልስን አንድ ዘፈን መጨረሻ በመኪና ሬዲዮ አጣርቶ ሳይሰማ ቀርቶ «የመጨረሻው ባቡር» የተባለ መስሎት ነው። ዘፈኑ ድራማው ኤንቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በመስከረም 12 ቀን 1966 ከመጀመሩ በፊት ገበያ ወጣ፤ በኅዳር አንደኛ ሆነ።

በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በየባለቤቱ ስም ተዘርዝሮ ማንበብ ለለመደ ሰው እዚህ ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ደራሲው ይደርሳል፣ አጃቢው ያጅባል። ቅሬታው የመነጨው ሽፋኑ ላይ ባንድ ተብለው መሣሪያ ታቅፈው ከቆሙት አራት ልጆች በቀር የሌላው ድካም እንዳይታይ በመደረጉ ነው። ያም ሆኖ ኔስሚዝ በመጀመሪያው አልበም ላይ ራሱ ደርሶ ፕሮዲውስ ያደረጋቸው ሥራዎች አሉ፤ ቶርክም ጊታር ተጫውቷል። ምንም አልሠሩም የሚለው ከመጀመሪያውም ልክ አይደለም።

መሣሪያ አልቻሉም የሚለውም እንዲሁ። ቶርክ ጊታር፣ ባንጆ፣ ቤዝና ኪቦርድ እያፈራረቀ የሚጫወት ሰው ነው፤ ከአራቱ በሙዚቀኛነቱ የሚመራው እሱ ነበር። በድራማው ግን የተሰጠው የሞኙን ሚና ነው። ሚኪ ጊታር ነበር የሚያውቀው። ድራም ላይ ያስቀመጡት ዴቪ በጣም አጭር በመሆኑ ከድራሙ ኋላ ሲቀመጥ ስለማይታይ ነው ይባላል። ሚኪም ከዜሮ ተምሮ በታኅሣሥ 3 ቀን 1966 ሆኖሉሉ ላይ አራቱም በሕዝብ ፊት ራሳቸው ተጫወቱ። ጥቂት ወራት ብቻ ድራም የተማረ ሰው በሺህ በሚቆጠር ጩኸት መካከል ምት ጠብቆ መዝለቁ ሊደነቅ እንጂ ሊሾፍበት አይገባም።

ጠቡ የፈነዳው በ1967 መጀመሪያ ነው። የኒል ዳይመንድ «አይ አም ኤ ቢሊቨር» ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ በቆየበት ወቅት ከርሽነር ሁለተኛውን አልበም አወጣ፤ ልጆቹ አልበሙ መውጣቱን ያወቁት ጉዞ ላይ ሆነው ነው። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ለልብስ መደብር ማስታወቂያ ተብሎ የተነሡት ነበር። ገዝተው አዩት፤ በገኑ። ከዚያ በቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ስብሰባ ተደረገ። ከርሽነር ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሽያጭ ድርሻ ቼክ ይዞ ነበር የመጣው፤ ገንዘቡን አይተው ዝም ይላሉ ብሎ ነበር። ኔስሚዝ ግን የራሳችንን ሙዚቃ ካልተጫወትን እወጣለሁ አለ። የከርሽነር ጠበቃ ውልህን አንብብ ሲለው ኔስሚዝ ግድግዳውን በቡጢ በሳውና ይህ ፊትህ ሊሆን ይችል ነበር አለው። ሦስቱ ጓደኞቹም ከጎኑ ቆሙ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዴቪና ሚኪ በቴሌቪዥንና በቲያትር ያደጉ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን መጫወት ነውር የማይመስላቸው ልጆች ነበሩ። ለእነሱ የራስን ሙዚቃ መጫወት የክብር ጥያቄ አልነበረም፤ የቆሙት ለጓደኛቸው ነው።

ከርሽነር ከአለቆቹ ፈቃድ ውጪ ነጠላ ዜማ ካናዳ ውስጥ አስወጥቶ በየካቲት ተባረረ። ቂሙን የተወጣበት መንገድ ያስቃል። ቀጥሎ ያቋቋመው ባንድ «ዘ አርቺስ» የካርቱን ሥዕል ነበር፤ የሥዕል ሰው ግድግዳ አይመታም። የአርቺስ «ሹገር፣ ሹገር» በ1969 አንደኛ ሆነ።

ልጆቹ ነጻ ሲወጡ የያዙት ፕሮዲውሰር ቺፕ ዳግላስን ነው። ዳግላስ ዘ ተርትልስ በተባለ ባንድ ቤዝ የሚጫወት፣ በዚያን ጊዜ አንድም አልበም ፕሮዲውስ አድርጎ የማያውቅ ወጣት ሲሆን፣ ኔስሚዝ ነው ና ሥራልን ያለው። በየካቲትና በመጋቢት 1967 ሆሊውድ በሚገኘው የአርሲኤ ስቱዲዮ «ሄድኳርተርስ»ን ቀረጹ። መሣሪያውን በአብዛኛው የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው፤ ቤዝ ሲያጥር ዳግላስ ይዞ ይገባል፣ አለዚያ ጆን ለንደን ይመጣል። ለንደን የኔስሚዝ የቴክሳስ ጓደኛ ነው፤ አብሮት ተሰዶ መጥቶ፣ በድራማው ቀረጻ ላይ መብራት ሲስተካከል በኔስሚዝ ቦታ የሚቆም ተተኪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ኋላም ኔስሚዝ ከመንኪስ ሲወጣ ባቋቋመው ፈርስት ናሽናል ባንድ ውስጥ ቤዝ ተጫውቷል። አልበሙ በግንቦት ወጥቶ አንደኛ ሆነ። በሳምንቱ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐርስ» መጣና ወደ ሁለተኛ ገፋው፤ ሁለተኛ ሆኖ ወራት ቆየ።

በዚህ አጋጣሚ የሽያጩን ነገር ልዝጋው። በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ ሸጡ የሚለው አኀዝ ከኔስሚዝ አፍ የወጣ ፈጠራ ነው። ለአንድ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ የዋሸው መሆኑን ኋላ ራሱ ጽፎታል። ጋዜጦች ግን ለአርባ ዓመታት እየተቀባበሉ አትመውታል። በእርግጥ ብዙ ሸጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞቻቸው ሁሉም በአሜሪካ አንደኛ ሆነዋል። ይህ እውነት ብቻውን በቂ ነበር።

አሁን ዋናውን ልበል። ስለ መንኪስ የሚጻፈው በሙሉ ማለት ይቻላል ሌሎች እነሱን እንዴት እንደሠሯቸው ነው። እኔ ይህን ዘመን በማስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቼን ገልብጠው እንዲያዩት እጠይቃለሁ፤ ከአራቱ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ከአራቱ ምን አገኙ? መዝገቡ ይህን ሲጠይቁት የበለጠ ይናገራል።

ዘፋኙንና ደራሲውን ሃሪ ኒልሰንን ይውሰዱ። በ1967 ኒልሰን ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በአንድ ባንክ ሌሊት ሌሊት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ቀን ዘፈን ይዞ ይዞራል። ለመንኪስ ዘፈኖቹን በፒያኖ አሰማቸው፤ «ከድሊ ቶይ»ን ወሰዱት፣ ዴቪ ዘፈነው። ስቱዲዮው ውስጥ የነበረው የሙዚቃ አሳታሚ ለኒልሰን «ከባንኩ መልቀቅ ትችላለህ» አለው ይባላል፤ ኒልሰንም ለቀቀ። ከሚኪ ጋር የነበረው ወዳጅነት ዕድሜ ልክ ዘለቀ። ጆን ስቱዋርትንም ይውሰዱ። ኪንግስተን ትሪዮ ከተባለው የፎክ ባንድ ወጥቶ ብቻውን መንገድ የጀመረ ጊዜ ነው፤ «ዴይድሪም ቢሊቨር»ን ሰጣቸው። በታኅሣሥ 1967 አንደኛ ሆነ፤ መግቢያውን በፒያኖ የሚጫወተው ቶርክ ነው። ስቱዋርት ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ዓይነት ሙዚቃ እየሠራ የኖረው ከዚህ ዘፈን በሚመጣ ገንዘብ እየተደገፈ ነው። ዘፋኟ ሊንዳ ሮንስታት ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚያው ዓመት ስቶን ፖኒስ ከተባለው ባንዷ ጋር በዘፈነችው «ዲፈረንት ድራም» ነው፤ ግጥሙና ዜማው የኔስሚዝ ነው።

የድራማው መዝጊያ ክፍሎችም እንዲሁ ለጓደኞች የተከፈቱ በሮች ሆነው ነበር። ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ ኔስሚዝን መስሎ፣ ኔስሚዝም ዛፓን መስሎ የተጨዋወቱበት ክፍል አለ፤ መጨረሻ ላይ አንድ መኪና በመዶሻ ይሰባብራሉ። የመጨረሻውን ክፍል ዳይሬክት ያደረገው ሚኪ ነው፤ በመዝጊያው ዘፋኙ ቲም በክሊ ብቻውን በጊታር ሲዘፍን ይታያል። የልጆች ድራማ በሚባልበት ሰዓት ይህን በብሔራዊ ቴሌቪዥን ማሳየት ቀላል ድፍረት አይደለም።

ሄንድሪክስም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሚኪ ኒው ዮርክ ውስጥ ጊታር በጥርሱ ሲጫወት አይቶት ነበር፤ በሰኔ 1967 ካሊፎርኒያ በተደረገው የሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ሚኪና ቶርክ በድጋሚ አዩት። በዚያ ፌስቲቫል ቶርክ መድረክ ላይ ወጥቶ የወዳጁን የስቲልስን ባንድ አስተዋውቋል። በሐምሌ ሄንድሪክስ የመንኪስን ጉዞ ተቀላቀለ። አዳራሹን የሞሉት የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረዶችና ትኬት የገዙላቸው ወላጆች ነበሩ። ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያስጮህ እነሱ የዴቪን ስም ይጮሃሉ። ከጥቂት ትርኢት በኋላ፣ ኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ ላይ ተጫውቶ በስምምነት ወጣ። የወግ አጥባቂ ሴቶች ማኅበር ተቃውሞ አስወጣው የሚባለው ለጋዜጣ የተፈጠረ ቀልድ ነው። መንኪሶች ግን በየምሽቱ ቀድመው መጥተው ከጎን ቆመው ያዳምጡት ነበር፤ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ከቢትልስ ጋር የነበራቸውም ግንኙነት ጋዜጦች እንደሚስሉት የባላንጣ አልነበረም። በየካቲት 1967 «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የተባለው ዘፈን ኦርኬስትራ አቢ ሮድ ላይ ሲቀረጽ ኔስሚዝ ተጋብዞ እዚያው ነበር። ቶርክ ለቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን የፊልም ሙዚቃ ባንጆ ተጫውቷል። ሚኪ በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ ሳማንታ ጀስትን አገኘ፤ በቢቢሲው «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ሸክላ የምታስጀምረው ወጣት ነበረች፤ በ1968 ተጋቡ። ዴቪ ደግሞ ሳያውቀው ለአንድ የአገሩ ልጅ ስም አስቀየረ፤ ዴቪድ ጆንስ የሚባል ለንደናዊ ዘፋኝ ከእሱ ጋር እንዳይምታታ ራሱን ዴቪድ ቦዊ ብሎ ጠራ።

ከሁሉ የበለጠ ያተረፉት ግን ራፈልሰንና ሽናይደር ናቸው። ድራማው 58 ክፍል ሄዶ በመጋቢት 1968 ሲዘጋ ሁለቱ «ሄድ» የተባለውን የመንኪስ ፊልም ሠሩ። ጽሑፉን ከራፈልሰን ጋር ያዘጋጀው በዚያን ጊዜ ስሙ ያልገነነው ጃክ ኒኮልሰን ነው። ልጆቹና እነሱ አንድ ቅዳሜና እሑድ ኦሃይ ሄደው ሐሳባቸውን በቴፕ ቀድተው ነበር፤ በጽሑፉ ላይ የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ ሲቀር ሦስቱ በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ሳይመጡ ቀሩ። የመጣው ቶርክ ብቻ ነው። ፊልሙ አልተሳካም። ልጃገረዶቹ አልገባቸውም፤ ሊገባቸው የሚችሉት ደግሞ የመንኪስ ፊልም ለማየት ትኬት አይቆርጡም። እኔ ግን ከዘመኑ እንግዳ ፊልሞች አንዱ ነው እላለሁ፤ የሙዚቃ አልበሙን ድምፅ እየቆራረጠ ያቀናጀውም ኒኮልሰን ነው።

ሆኖም ድራማው ለሬይበርት ያመጣው ገንዘብና ተሰሚነት ነበር። በዚያ አቅም «ኢዚ ራይደር»ን በ1969 አሠሩ፤ ወጪው ከጥቂት መቶ ሺህ ዶላር ያልዘለለ ፊልም የሆሊውድን አሠራር አናወጠ፤ ኒኮልሰንንም ለኦስካር እጩነት አበቃው። ኩባንያው ቢቢኤስ ተብሎ «ፋይቭ ኢዚ ፒሰስ»ንና «ዘ ላስት ፒክቸር ሾው»ን ሠራ። ሽናይደር በ1975 የቬትናምን ጦርነት በሚነቅፈው ጥናታዊ ፊልም ኦስካር ሲቀበል፣ መድረኩ ላይ ከቬትናም አብዮተኞች የተላከ ቴሌግራም አንብቦ አዳራሹን አናወጠ። የዚህ ሁሉ መነሻ ካፒታል የልጆች ምሳ ዕቃ ላይ የታተሙ አራት ፊቶች ናቸው።

አራቱ ግን ከዚህ ብዙም አልደረሳቸውም። ቶርክ በ1968 መጨረሻ ገንዘብ ከፍሎ ወጣ፤ ቤቱን ለሙዚቀኛ ሁሉ ክፍት አድርጎ ያለውን ሁሉ ጨረሰ። ኔስሚዝ ከእናቱ ውርስ በፊት እንኳ የሙዚቃ ቪዲዮ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ በ1980 ኒኬሎዲዮን በተባለው የልጆች ጣቢያ የሄደው «ፖፕክሊፕስ» የተባለው ዝግጅቱ ለሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያው ለኤምቲቪ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው፤ በ1982 ደግሞ ለቪዲዮ የተሰጠውን የመጀመሪያ ግራሚ ወሰደ። በየካቲት 1986 ኤምቲቪ የድሮውን ድራማ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ሲያሳይ አዲስ ትውልድ ወደደው፤ ቶርክ፣ ዴቪና ሚኪም ተሰባስበው መድረክ ወጡ።

ቤተሰቡም ከሥራው አልተለየም። የሚኪ እህት ኮኮ በ1960ዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ትቀበል ነበር፤ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላም ከወንድሟ ጋር መድረክ ላይ ነበረች። የኔስሚዝ ልጅ ክርስቲያን፣ አባቱ ለፈተና ሲሰለፍ ገና ሕፃን የነበረው፣ ጊታሪስትና ፕሮዲውሰር ሆኖ ሚኪ የአባቱን ዘፈኖች የዘፈነበትን አልበም በ2021 አዘጋጅቷል። ዴቪ በ2012፣ ቶርክ በ2019፣ ኔስሚዝ በታኅሣሥ 2021 ዐርፈዋል።

መስማት ከፈለጉ «ሄድኳርተርስ»ን ያስቀድሙ፤ ድራሙ አንዳንድ ቦታ ሲንገዳገድ ይሰማዎታል፣ እሱ ሚኪ ነው። ቀጥሎ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣውን «ፓይሲስ፣ አኳሪየስ፣ ካፕሪኮርን ኤንድ ጆንስ ሊሚትድ»ን ይስሙ፤ እዚያ ከስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጋር ታርቀው አብረው ሠርተዋል፤ ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። «ሄድ»ን ለማየት ግን ከሁለቱ አልበሞች በኋላ ይቆዩ፤ አለዚያ ምን እያፌዙበት እንደሆነ አይገባዎትም።